የጠፋችው አህያ በሰው ሁሉ ስልክ ላይ

ሸዋ ሮቢት ላይ የስልክ መጠገኛ ሱቄን የከፈትኩት አህያ ተራ አጠገብ ነው። ቦታውን መርጬው አይደለም፤ ሌላ ስላጣሁ ነው። ከቆርቆሮ ግድግዳዬ ወዲያ በገበያ ቀን ከየገጠሩ የመጣ አህያ ታስሮ ይውላል፤ ከወዲህ ደግሞ እኔ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ የተሰነጠቀ ስክሪን እቀይራለሁ። አንዱ አህያ ሲያናፋ ሌላው ይቀበለዋል፤ እኔም እጄ ላይ ያለው ብሎን ያመልጠኝና እራገማለሁ። የደጋ ልጅ ነኝ፣ የደብረ ሲና። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ የአህያውን ጩኸት ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ንዴት ቶሎ ይይዘኛል፣ ቶሎም ይለቀኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ጥፋቱ የማን ነበር ብላችሁ እንዳትቸገሩ ነው።

ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ለምን እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ አውቃለሁ የሚል ግን በየጫት መቃሚያው ሞልቶ ነበር። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣና «እስኪ እዪልኝ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» ይለኛል። «ያንተስ ደህና ነው፣ የታመመው ሰማዩ ነው» እለዋለሁ። ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር ከሰው ጋር የምጨቃጨቅበት ጊዜ አላጣሁም።

አዲስ አበባ ዕቃ ላመጣ ወጥቼ ሳለ ደንበኛዬ ስልኬ ላይ የጫነልኝ አንድ አፕ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ማማ አይፈልግም፣ ሲም ካርድ ባይኖርም ግድ የለውም። አንዱ ስልክ አጠገቡ ላለው ስልክ በብሉቱዝ ያቀብላል፤ ያኛው ደግሞ ከእሱ ወዲያ ላለው። አንድ ስልክ ብቻውን ከእኔ ሱቅ እስከ ጫት ተራ እንኳ አይደርስም። በመሃል ሰው ካለ ግን መልእክቱ ከኪስ ወደ ኪስ እየዘለለ ገበያውን ያዳርሰዋል። አጠገቡ ስልክ ያጣ እንደሆነም መልእክቱን ይዞት ይሄድና መንገድ ላይ ሌላ ስልክ ሲያገኝ ያስረክበዋል። የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የሰው ብዛት። በአዘቦት ቀን ሙት ነው፤ በገበያ ቀን ነፍስ ይዘራል።

አፑን ከስልኬ ለአንድ ባጃጅ ነጂ አሻገርኩለት፤ እሱ ለጓደኞቹ፣ ጓደኞቹ ለተሳፋሪው። በሁለተኛው ገበያ ስም ወጣለት፣ «ቅብብል» ተባለ። ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፤ እኔ ነኝ እያልኩ ማውራቴን ግን አልደብቅም። መንዙማው ይተላለፋል፣ የሰርግ ጥሪው ይተላለፋል፣ የማሾ ነጋዴዎች ይሰዳደቡበታል። አንዴ «ሽንኩርት ተራ ያለህ ባለቤቴ፣ ጨው እንዳትረሳ» የሚል መጣ። ላኪዋ ስሟን አልጻፈችም። ያን ዕለት ሽንኩርት ተራ የነበረ ባል ሁሉ ጨው ገዝቶ ገባ። እኔ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ በዙሪያዬ የተያያዙት ስልኮች ቁጥር ሲወጣ ሲወርድ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ከልክ በላይ ነበር ደስ የሚለኝ።

ይህን ደስታዬን የማይካፈሉት የአህያ ተራው ጠባቂ ነበሩ። አገር ምድሩ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም። ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን የሦስት ሰው ነው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፤ ቁልፏን በዓመት ሁለት ጊዜ ከአቧራ አጸዳላቸዋለሁ። ገበያ ውስጥ የወደቀ ዕቃ ወይም የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ለእሳቸው ያስረክባል። እሳቸው አህያ ተራው በር ላይ ካለው ጉቶ ላይ ይወጡና «ዕቃ የወደቀበት!» ብለው ይጣራሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ምን ዕቃ እንደሆነ፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል ትንፍሽ አይሉም። እኔ ስንፍና ነበር የሚመስለኝ።

«ጋሼ፣ ምን እንደሆነ ካልተናገሩ ሰው በምን ያውቃል?» ብያቸው አውቃለሁ።

«የጠፋበት ያውቃል» አሉኝና ወደ አህዮቻቸው ዞሩ።

እንግዲህ የእማማ ነገር። እማማ ፓፓያ ይሸጣሉ። ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚዘረጉት። ከቀወት ገጠር፣ በእግር ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ መንደር ይመጣሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። የቀራቸው ወንዝ ዳር ያለች ቁራጭ መሬትና ፓፓያውን የምትሸከም አንዲት አህያ ናት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ፤ እማማም በየመሃሉ ከፓፓያው ላይ ይነሱና አህያቸውን አይተው ይመለሳሉ። በዚያ ላይ አህያዋ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ወሯ ሊገባ ጥቂት ነው የቀራት። «ሴት ከሆነች ለዱንያዬ በቂ ናት» ይሉኝ ነበር ስለሚወለደው ውርንጭላ ሲያወሩ። ከገበያ የተረፈ ፓፓያ ካለ ትልቁ የእኔ ነው።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አህያቸውን ሊያዩ ሄደው ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ፓፓያቸውን አልፈው ሱቄ በር ላይ መጥተው ቆሙ። እጃቸው ላይ ገመድ አለ፤ ጫፉ ተበጥሷል።

«የለችም» አሉ።

ጋሼ ለሶላት ሄደው ነበር። አህያ ተራውን ሁለቴ ዞርኩት። አመድማ አህያ ሞልቷል፣ የእማማ ግን የለችም። ገመዷን በጥሳ፣ በከፊል የወደቀውን አጥር ተሻግራ ሄዳለች። እማማ ሱቄ ውስጥ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገመዱን ጉልበታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። አላለቀሱም። እኔ ስልኬን አወጣሁ።

«አይዞዎት» አልኩ። «ይሄ ገበያ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ አሁን አህያዎን ይፈልጋል። ፎቶ አላት?»

«አህያን ማን ፎቶ ያነሳል?»

«እሺ፣ ምልክቷን ይንገሩኝ።»

«አመድማ ናት።»

«አመድማ ስንቱ ነው። ሌላ?»

«የቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ቆረጥ ያለ ነው። ጅብ ነው፣ ውርንጭላ ሳለች።»

ጻፍኩ። «ሌላ?»

«በግራ ጎኗ በጋለ ብረት የተተኮሰችበት ጠባሳ አለ።»

«ሌላ?»

«የኋላ ግራ እግሯ ከሰኮናው በላይ ነጭ ነው።»

«ሌላስ?»

እማማ እኔን አዩ፣ ስልኬን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። «ይበቃል» አሉ።

ደሜ ፈላ። «እንዴት ነው የሚበቃው እማማ? የምለፋው ሰው እንዲያገኝልዎት አይደለም እንዴ? በዚህ ሰዓት ምን ይቆጥባሉ?»

«ይበቃል ልጄ» አሉ፣ ረጋ ብለው።

የገጠር ሰው ድብቅ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ጻፍኩት። ማንበብ ለማይችለውም ብዬ በድምፄ ቀዳሁት፤ «አንዲት አመድማ አህያ ጠፍታለች። ሆዷ የገፋ፤ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ፤ በግራ ጎኗ የተኩስ ጠባሳ ያላት፤ የኋላ ግራ እግሯ ነጭ። ያገኛት ሰው አህያ ተራ አጠገብ ላለችው ስልክ ጠጋኝ ያስረክብ፤ አላህም እግዜርም ይስጠው።» ላክሁት።

ያን ደቂቃ አልረሳውም። መጀመሪያ ድምፄን የሰማሁት ከቲማቲም ሻጩ ኪስ ነው። ከዚያ ከአንድ ቆሞ ከነበረ ባጃጅ ውስጥ። ከዚያ ከየት እንደሆነ እንጃ ከሦስት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ፣ «አንዲት አመድማ አህያ»፣ «አመድማ አህያ»፣ «አህያ ጠፍታለች» እያልኩ መጣሁ። የደጋ ድምፄ ያን ያህል ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዲት ሴት ከጨርቅ ተራ ድረስ መጥታ፣ አህያዋን ያየች መስሏት እንደነበር፣ ያየችው ግን በሬ መሆኑን ነግራን ሄደች። እማማ እንኳ ትንሽ ፈገግ አሉ። እኔ ልቤ አበጠ። ሳላስበው በሩ ላይ ወጥቼ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜአለሁ።

ጋሼ ከመስጊድ ሲመለሱ በሰው ስልክ ሰምተውት ነው የመጡት። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነበር።

«ምልክቷን ተናገርሽ?» አሉኝ።

«በደንብ አድርጌ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ያ ረቢ» አሉ። እኔ ፀሐይ የመታቸው መስሎኝ ውኃ ላቀርብ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። ከብት መታወቂያ የለውም። መታወቂያው ምልክቱ ነው። ያገኘ ሰው ከብቱን ለእኔ ያመጣል፣ እኔ እደብቀዋለሁ። የጠፋበት ሰው ይመጣና ምልክቱን ይናገራል። የተናገረው ከከብቱ ገላ ጋር ከገጠመ ይወስዳል፣ ካልገጠመ ይሄዳል። እኔም አባቴም በዚህ ነው የኖርነው። አንቺ ምልክቱን ለገበያ አደልሽው። አሁን ያች አህያ ብትገኝ ሌባው ምልክቱን ከኪሱ አውጥቶ ያነበዋል። እኒህ ሴት በምን ይለያሉ?»

«ሰው እንዲህ ክፉ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም። አንድ ክፉ ይበቃል።»

መልእክቱን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት፤ የጠፋው ከእኔ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። ቲማቲም ሻጩ ኪስ ውስጥ አሁንም እየጮህኩ ነው። ሲጨንቀኝ ሌላ መልእክት ላክሁ፤ «ስለ አህያዋ የተላከውን ያላያችሁ አትዩት፤ ያያችሁም እርሱት።» ይኸኛው ከመጀመሪያው ፈጠነ። የመጀመሪያው ያልደረሰው ሰው ሁሉ እየመጣ «የትኛው ነው? ለእኔ አልደረሰኝም፣ እስኪ ላኪልኝ» ይለኝ ጀመር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ጋሼ፣ ተነስተው ልብሳቸውን እያራገፉ።

እማማን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ያልተሸጠውን ፓፓያ በሁለት ማዳበሪያ ከፍለው እየቋጠሩ ነበር። ሱቄን ዘጋሁና አንዱን ማዳበሪያ እኔ ተሸከምኩ። ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ናት። በማሽላውና በማሾው መካከል ባለው ቀጭን መንገድ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጫማዬ እግሬን ልጦታል። ከአንድ ሰዓት በላይ አህያ ሆኜ ሳየው፣ አህያ ለእማማ ምን እንደሆነች ገባኝ። በየገበያው ይህን መንገድ ይህን ሁሉ ተሸክመው ሊመላለሱ አይችሉም። አህያዋ ካልተመለሰች ፓፓያው ዛፍ ላይ ይበሰብሳል፣ የእማማም ገበያ አከተመ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ ከኋላቸው።

«ትገኝ እንጂ» አሉ። «መጀመሪያ ትገኝ።»

«ብትገኝስ? የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ናት።»

«አላህ ያውቃል» አሉ፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ተስፋ የቆረጡ መሰለኝ። የዚያን ሳምንት እህል አልጣፈጠኝም።

በሚቀጥለው ገበያ ጠዋት፣ ሱቄን ገና እየከፈትኩ ሳለ፣ አንድ ማሾ ገበሬ አህያ እየጎተተ መጣ። አህያዋን ያገኛት ማሾው መሃል ቆማ ስትበላ ነው። ሁለት ቀን አስሮ ባለቤት ሲጠብቅ፣ ከገበያ የተመለሰ ጎረቤቱ ስልኩን ከፍቶ የእኔን ድምፅ ያሰማዋል፤ ጆሮዋን ሲያይ እሷው። የእኔ ቅብብል መንደሩ ድረስ በእግሩ ሄዷል ማለት ነው። ደስታዬ ሊመለስ ሲል ገበሬው አልፎኝ ሄደና አህያዋን ለጋሼ አስረከበ።

«መልእክቱ ለእኔ አስረክቡ ይል ነበር እኮ» አልኩት።

«ከብት ለስልክ ቤት አይሰጥም» አለኝ፤ ሳቀብኝም።

ጋሼ አህያዋን ከቆርቆሮው ጀርባ ወስደው ከሰው ዓይን ሰወሯት። ገበያው ሲሞላ ጉቶው ላይ ወጡ። «ከብት የጠፋበት!» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እማማ ገና አልደረሱም፤ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው መንገድ ላይ ናቸው። ሌሎቹ ግን ደርሰዋል። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ፤ «አመድማ፣ ሆዷ የገፋ፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ፣ በግራ ጎኗ የተኩስ ጠባሳ ያላት፣ የኋላ ግራ እግሯ ነጭ፣ ያገኛት ሰው አህያ ተራ አጠገብ ላለችው ስልክ ጠጋኝ ያስረክብ...» እዚህ ላይ ራሱ ሰምቶት ቆመ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሰውዬው አብሮ ሳቀና ሄደ። ሁለተኛው ጠባሳውንና ነጩን እግር አምታታ፤ «አንብበህ ተመለስ» አሉት ጋሼ።

ሦስተኛው አላሳቀንም። ንጹሕ ሽርጥ የለበሰ፣ ረጋ ያለ፣ ሁለት ምስክር ይዞ የመጣ ሰው ነው። ምልክቶቹን በራሱ አነጋገር አንድ በአንድ ተናገረ። «ጆሮዋን ጅብ ነው» አለ። ጅብ ነው የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም። ኋላ ሳስበው ለካ ከጅብ በቀር ማንስ የአህያ ጆሮ ይበላል።

«ወላሂ የእኔ ናት» አለ።

«ወላሂ አትበል፣ ምልክት በል» አሉት ጋሼ።

እማማ የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ማዳበሪያቸውን አወረዱ፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጋሼ ጠየቋቸው። እማማ ያንኑ አራቱን ተናገሩ፤ አመድማ፣ ጆሮ፣ ጠባሳ፣ ነጭ እግር። ባለ ሽርጡ «ያልኩትን ነው የደገሙት» አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ግማሹ ወደ እማማ፣ ግማሹ ወደ ምስክሮቹ ያያል። እኔ ከመሃል ገብቼ፣ አህያዋ ትለቀቅና ቤቷን ራሷ ታሳይ ብዬ ጮህኩ።

«ሳምንት ሙሉ የጠፋችው ቤቷን ብታውቅ ነው?» አሉኝ ጋሼ።

ጋሼ ወደ ባለ ሽርጡ ዞሩ። «ሌላ ምልክት አላት?»

ሰውዬው አሰበ። «ጅራቷ... ረጅም ነው» አለ።

«አንቱስ?»

እማማ ቀስ ብለው ሄደው ከጋሼ ጎን ቆሙ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ከለል አድርገው በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። አጭር ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ከቆርቆሮው ጀርባ ገቡ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ስልክ ጸጥ አለ። አንድ አህያ እንኳ አላናፋም። እኔ ባለሁበት «እመቤቴ» እያልኩ ነው።

ጋሼ አህያዋን በገመዷ እየሳቡ ወጡ። ገመዱን በእማማ እጅ ላይ አኖሩት።

«የአንቱ ናት» አሉ። ወደ ባለ ሽርጡም ዞረው፣ «ያንተ አህያ ሌላ ናት፤ ምናልባትም ገና አልተወለደችም» አሉት። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ባለ ሽርጡና ምስክሮቹ በየፊናቸው ሰው መሃል ጠፉ። «አልሐምዱሊላህ» የሚለው ድምፅ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ተሰማ፤ ይኸኛው ያለ ስልክ ነው የተቀባበለው።

እኔ ተደስቻለሁ፣ ደግሞም ተናድጃለሁ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሄጄ እማማን አቀፍኳቸውና ወዲያው ወቀስኳቸው።

«አምስተኛ ምልክት ነበራት! ለምን አልነገሩኝም? ሳምንት ሙሉ እየተንገበገብኩ...»

እማማ የአህያቸውን ግንባር እያሻሹ አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አሉ። «አፍሽ ግን ገበያ ነው።»

አጠገባችን የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ። እውነት ናት። ጋሼ ደግሞ በዚያ ላይ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ጨመሩብኝ። ሲሄዱ ግን ቆም ብለው፣ «ማሾ ውስጥ ያለችን አህያ የእኔ ጩኸት አያገኛትም ነበር» አሉ። ይህን ያሉት ለአህዮቹ እንጂ ለእኔ አልመሰለም፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩ ተመለሰ። በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ ግን መልሶ ይንቀራፈፋል፤ ቅብብሉም ያን ቀን ይነሳል። የመጀመሪያው መልእክቴ አልሞተም። ከአውቶቡስ ተሳፋሪ ወደ ተሳፋሪ እየተሻገረ ካራቆሬ ደረሰ አሉ። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከማጀቴ ከተማ መጥተው፣ አህያዋ ተገኝታ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ለሌላ ጉዳይ ሲመጡ ሳልጠይቅ ብሄድ ነውር ነው ብለው። ሻይ ጋበዝኳቸው፣ እማማንም አገናኘኋቸው።

ጋሼ አሁን የተገኘ ነገር ሲኖር ወደ እኔ ብቅ ይላሉ። ጉቶው ላይ መውጣት አልተዉም፤ ግን «አንቺም በዚያ በኩል በይ» ይሉኛል። እጽፋለሁ፤ «አንድ ነገር ተገኝቷል። የጠፋበት ምልክቱን ይዞ ይምጣ።» ቀለም የለ፣ መጠን የለ። እሳቸው በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው እስክጨርስ ይጠብቃሉ፤ ማንበብ አይችሉም፣ የጻፍኩትን ግን እንዳነብላቸው ያደርጋሉ። «ነገር» የሚለው ራሱ በዝቷል ብለውኝ ያውቃሉ።

ውርንጭላዋ እናቷ በተገኘች በሦስተኛው ሳምንት ተወለደች፣ ሴት። እግሯ ሲጠና እማማ ከእናቷ ኋላ አስከትለዋት መጡና ሱቄ በር ላይ አቆሟት። ጆሮዋ ከጭንቅላቷ ይበልጣል። ሥራዬን ጥዬ ወጥቼ አንገቷን እያከክሁ፣ እንደ ልማዴ ለመንኳቸው፤ «እማማ፣ አሁን እንኳ የእናቷን ምልክት ይንገሩኝ።»

«የእናቷ የእኔና የጋሼ ነው» አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና ወደ ሱቁ ውስጥ ሳቡኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ስልኮች አዩ፤ ሁሉንም ገለባብጬ ፊታቸውን ወደ ታች አደረግሁላቸው። አፋቸውን ከጆሮዬ አስጠግተው የውርንጭላዋን ምልክት ነገሩኝ። ማንም ሰው አይቶ የማያየው ቦታ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

«ለምን ለእኔ?» አልኩ። «አፌ ገበያ አይደል?»

«እኔ አርጅቻለሁ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው። እኔ የሌለሁ እንደሆነ የእኔ መሆኗን የሚመሰክርላት ሰው ይኑራት።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ ላብ ነው አልኳቸው።

ዛሬ ውርንጭላዋ አድጋ ፓፓያውን ከእናቷ ጋር ትካፈላለች። እማማ አሉ፤ ጥላው ሥር ናቸው፣ ትልቁ ፓፓያ አሁንም የእኔ ነው። ጋሼ የውርንጭላዋን ምልክት ንገሪኝ ብለው ሦስት ጊዜ መጥተው ጠይቀውኛል። አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በሽምግልና፣ አንዴ ደግሞ ደህና የሆነች ስልካቸውን ቁልፏ ቆሽሿል ብለው ይዘው መጥተው። «የአህያ ተራው ጠባቂ እኔ ነኝ» ይሉኛል። «ነገ ብትጠፋ በምን አውቃታለሁ?»

«የጠፋበት ያውቃል» እላቸዋለሁ። አልነገርኳቸውም።